ባዶ ሆኖ «ሙሉ» የተባለው ገጽ፦ ከዓሣ መዝገቡ ዳታቤዝ ጥገና የተያዘ ማስታወሻ

ሰኞ ጧት

የሚጠገነው ነገር ይህ ነው። በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ያለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሚዛን ቤቱን መዝገብ በኮምፒውተር ይይዛል። የጀልባ ቁጥር፣ ቀን፣ የዓሣ ዓይነትና ክብደት ይመዘገባል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ፎቶግራፍ ተጨምሯል። መዝገቡ የሚቀመጠው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ አነስተኛ የማከማቻ ሞተር፣ ማለትም መረጃውን ፋይል ላይ በሚጽፍና በሚያነብ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሞተሩን የጻፈው ሰው አሁን እዚህ የለም፤ ኮዱን የተረከብኩት እኔ ነኝ። አጭርና ንጹሕ ኮድ ነው፣ ማንበቡ ደስ ይላል።

ችግሩ ፋይሉ ያለ ልክ እያደገ መሄዱ ነው። በየወሩ መጨረሻ የተመረመሩት ፎቶግራፎች ወደ ውጭ ዲስክ ተገልብጠው ከዳታቤዙ ይሰረዛሉ፤ የተለቀቀው ቦታ ግን ለአዲስ መዝገብ አይውልም። የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ዲስክ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በየሌሊቱ የሚሠራው የፋይል መርማሪ ፕሮግራምም ስለ ብዙ ገጾች (ፋይሉ ስለተከፋፈለባቸው እኩል ክፍሎች) «ባዶ ቦታው ከዜሮ በታች ነው» እያለ ይጽፋል። ይህን መልእክት መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ ሁሉም ስለለመደው ዛሬ የሚያነበው የለም።

የፎቶግራፉን አመጣጥ ልጻፍ፤ ነገሩ ሁሉ የሚነሣው ከእርሱ ነውና። ከጣና ለገበያ የሚወጣው ዓሣ ሚዛን ቤቱ ውስጥ በሦስት ስም ይጠራል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ ግልጽ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ላቤኦባርበስ የተባለው ወገን በጣና ውስጥ ብቻ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም በሌላ በየትም ሐይቅ አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዝ አፍ መረብ ሲዘረጋ የሚያልቁትም ያኔ ነው። የትኛው ዝርያ እየመነመነ እንደሆነ ለማወቅ «ነጭ ዓሣ፣ 12 ኪሎ» የሚል መዝገብ አይበቃም። ስለዚህ ዓሣውን ሚዛኑ ላይ ሳለ ፎቶ ማንሣት ተጀመረ። አንዱ ፎቶ ተጨምቆም 40 ሺህ ባይት ገደማ ይሆናል። የሞተሩ ገጽ 4096 ባይት ስለነበር አንዱ ፎቶ በ10 ያህል ገጾች ላይ ይበታተን ነበር። ያን ለማስቀረት የገጹ መጠን ሞተሩ እስከሚፈቅደው ጫፍ፣ እስከ 65536 ባይት ከፍ ተደረገ። ፋይሉ ማደግ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ከየት መጀመር እንዳለብኝ ይህ ብቻውን ይነግረኛል።

ሰኞ ከሰዓት

ስለ ገጹ አሠራር ለሚቀጥለው ጠጋኝ ጭምር እንዲሆን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ፋይሉ እኩል በሆኑ ገጾች የተከፋፈለ ነው። የእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያዎቹ 16 ባይቶች ራስጌው ናቸው። በቅደም ተከተል የገጹ ዓይነት በ1 ባይት፣ ምልክቶች በ1 ባይት፣ የመዝገቦች ብዛት በ2 ባይት፣ የይዘት መጀመሪያ በ2 ባይት፣ በገጹ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ክፍት ቁራጭ አድራሻ በ2 ባይት፣ የቀኝ ጎረቤት ገጽ ቁጥር በ4 ባይት፣ በመጨረሻም ማረጋገጫ ድምር (ገጹ አለመበላሸቱን ለማወቅ ከባይቶቹ የሚሰላ ቁጥር) በ4 ባይት ተቀምጠዋል።

ከራስጌው ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 2 ባይት የሆኑ ጠቋሚዎች ተደርድረው ወደ ታች ይወርዳሉ። መዝገቦቹ ራሳቸው ግን ከገጹ መጨረሻ ተነሥተው ወደ ላይ ይመጣሉ። አንድ ደብተር ገዝቶ ከፊት በኩል የደንበኞቹን ስም፣ ከኋላ በኩል የዱቤውን ሒሳብ እንደሚጽፍ ባለሱቅ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደብተሩ አለቀ። «የይዘት መጀመሪያ» የተባለው መስክ መዝገቦቹ ወደ ላይ እስከየት እንደደረሱ ይናገራል። የገጹ ባዶ ቦታ የሚገኘው ከዚህ ቁጥር ላይ 16 እና የጠቋሚዎቹ ርዝመት ሲቀነስ ነው። 40000 ባይት የሆነ አንድ ፎቶ የያዘ ገጽ ብንወስድ የይዘት መጀመሪያው 25536 ነው፤ ከዚያ ላይ 18 ሲቀነስ 25518 ባይት ባዶ አለ። ሌላ ፎቶ ስለማይበቃው ቀጣዩ ፎቶ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል።

መርማሪው ከከሰሳቸው ገጾች ጥቂቶቹን ባይት በባይት አወጣኋቸው። እንዲህ ያለ የቁጥር ክምር ውስጥ መንገድ ለማግኘት ሁለት ምልክቶች ይረዱኛል። የአማርኛ ጽሑፍ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ባይት በአሥርዮሽ ሁልጊዜ 225 ነው። «ቆሮሶ» 9 ባይት፣ «አምባዛ» 12 ባይት ይሆናሉ። 225 በየሦስት ባይቱ ሲመላለስ ካየሁ የምመለከተው አማርኛ ነው። የጄፔግ ፎቶ ደግሞ በ255 እና በ216 ይጀምራል።

የተከሰሱት ገጾች ራስጌ ላይ የመዝገቦች ብዛት 0፣ የይዘት መጀመሪያ 0 ይላል። ከራስጌው በታች ግን የተሰረዙት ፎቶዎች ባይቶች እንዳሉ ተኝተዋል፤ 255 እና 216 በየቦታቸው አሉ። ገጹ ይሠራበት ነበር፣ ከዚያ ሁሉም መዝገብ ተሰረዘ ማለት ነው።

ባዶ ገጽ የይዘት መጀመሪያው የገጹ መጠን ራሱ ነው፤ መዝገብ ስለሌለ ድንበሩ ገጹ መጨረሻ ላይ ይቆማል። የገጹ መጠን 65536 ነው። በ2 ባይት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ግን 65535 ነው። 65536 በዚህ መስክ ሲጻፍ ከላይ ያለው ቢት ይወድቅና 0 ብቻ ይቀራል። ገጹ 4096 ሳለ ይህ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ 32768 ቢሆን እንኳ አይደርስም። ሞተሩ የሚፈቅደው የመጨረሻው መጠን ላይ ብቻ፣ በአንድ ቁጥር ልዩነት ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። መዝገብ ሲሰረዝ ኮዱ የገጹን ባዶ ቦታ ያሰላል፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ገጹን ከጎረቤቱ ጋር ያዋህዳል ወይም ወደ ክፍት ገጾች ዝርዝር ይመልሳል። ባዶው ገጽ ላይ ግን 0 ሲቀነስ 16፣ አሉታዊ 16 ይመጣል። አሉታዊ 16 ከግማሽ አይበልጥም። ስለዚህ ሞተሩ ከፊሉ ብቻ የተለቀቀውን ገጽ በትክክል ይሰበስባል፤ ጨርሶ ባዶ የሆነውን ግን እንደ ሙሉ ገጽ ቆጥሮ ይተወዋል። ፎቶ ያለበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ፣ ፎቶው ሲሰረዝ ገጹ ጨርሶ ባዶ ይሆናል። የወሩ ስረዛ ምንም ቦታ የማይመልሰው ለዚህ ነው።

ማክሰኞ ጧት

ሌሊቱን ያሳሰበኝ ጥያቄ፦ ባዶ ገጽ ሙሉ መስሎ የሚታይ ከሆነ፣ አዲስ መዝገብ ማስገባትስ እንዴት ይሠራል? አዲስ ገጽ ሁሉ ሲፈጠር ባዶ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ እንኳ መግባት አልነበረበትም።

መልሱ ኮዱ ውስጥ ተገኘ። ባዶ ቦታ የሚያሰሉ ሁለት ተግባሮች (በስም የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች) አሉ። ስረዛው የሚጠራው ውጤቱን ምልክት ባለው፣ አሉታዊም ሊሆን በሚችል ሙሉ ቁጥር ይመልሳል፤ አሉታዊ 16 የሚመጣው ከእርሱ ነው። ማስገባቱ የሚጠራው ግን ውጤቱን ምልክት በሌለው ባለ 16 ቢት ቁጥር ይመልሳል። በሲ ሕግ አሉታዊ 16 ወደዚህ ዓይነት ቁጥር ሲለወጥ 65536 ይደመርበታል፤ 65520 ይሆናል። የባዶው ገጽ ትክክለኛ ባዶ ቦታ ደግሞ 65520 ነው። መዝገቡ ሲገባም እንዲሁ፤ 0 ሲቀነስ 40000 በ16 ቢት 25536 ይሆናል፣ ትክክለኛው ቦታ። መስኩ የወደቀበትን ቢት የቁጥሩ ጥበት መልሶ ያነሣለታል። አንዱ መንገድ በአጋጣሚ ልክ ሆኖ ስለሠራ የሌላው መንገድ ጉድለት ተሸፍኖ ቆየ።

ጂሲሲ (የሲን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሰፊ ቁጥር ወደ ጠባብ መስክ ሲገባ የሚያስጠነቅቅበት አማራጭ አለው፤ የተለመዱት ማስጠንቀቂያዎች ሲበሩ ግን እርሱ አብሮ አይበራም፣ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ዛሬ አብርቼው ኮዱን ስተረጉም ሁለቱም ቦታዎች ታዩ። ከእንግዲህ በዚህ ኮድ ላይ ሁልጊዜ እንደበራ ይቆያል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሚዛን ቤት

የፋይሉን ቅጂ ልወስድ ወረድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሐይቁ ሞልቶ እስከ ግንቡ ሥር ደርሷል፤ ታንኳዎቹ ወደ ላይ ተስበው ተደርድረዋል። መዝገብ ያዥዋ ከወረቀት መዝገብ ዘመን ጀምሮ እዚህ የሠሩ እናት ናቸው። ኮምፒውተር ቢመጣም የወረቀቱን መዝገብ መጻፍ አላቋረጡም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «የጀልባውን ቁጥር ስጽፍለት መዝገቡን ያመጣልኛል። የሁሉንም ዝርዝር አውጣ ስለው ግን ከ47 ቁጥር ጀልባ በኋላ ያሉት አይወጡም። እዚያ ላይ ይቆማል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው፣ እትዬ?»

«መብራት ድንገት የጠፋባት ማታ ነበረች፣ ነጎድጓድ የነበረባት። ከዚያች ወዲህ ነው። ስህተት ነው ብሎ አይነግረኝም እኮ፤ ዝም ብሎ ያቆማል።»

ከፋይሉ ማደግ ጋር የማይገናኝ መሰለኝ፤ ግን በቁጥር ሲፈለግ የሚገኝ፣ በዝርዝር ሲጠየቅ የሚጠፋ ነገር ስለ ዛፉ ቅርጽ አንድ ግልጽ ነገር ይናገራል። ገጾቹ በዛፍ መልክ የተያያዙ ናቸው፦ ከላይ የሥር ገጹ፣ ቀጥሎ ወደ ታች የሚያመለክቱት ወላጅ ገጾች፣ ከታች መዝገቦቹን የያዙት ቅጠል ገጾች። በቁጥር መፈለግ ከሥር ገጹ ተነሥቶ በወላጅ ገጾች በኩል ይወርዳል። ዝርዝር ማውጣት ግን የመጀመሪያውን ቅጠል ገጽ ይይዝና የቀኝ ጎረቤት ቁጥሮችን እየተከተለ ይሄዳል። ወላጆቹ ደህና ናቸው፤ የጎረቤት ሰንሰለቱ ግን አንድ ቦታ ተበጥሷል።

ማክሰኞ ማታ

የ47 ቁጥር ጀልባ የመጨረሻ መዝገብ ያለበትን ቅጠል አገኘሁ። የቀኝ ጎረቤቱ ቁጥር ትክክል ነው። ወደዚያ ጎረቤት ስሄድ 65536 ባይቶቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው። የቆየ ፎቶ የለም፣ 255 የለም፣ 225 የለም። ይህ ገጽ ኖሮ የተሰረዘ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልተጻፈም።

የሆነው ይህ ነው። ሞተሩ ፋይሉን የሚያሰፋው በአንድ ጊዜ 16 ገጽ፣ ማለትም 1048576 ባይት እየጨመረ ነው፤ የተጨመረው ክፍል እስኪጻፍበት ድረስ ሲነበብ ዜሮ ነው። በዚያ ማታ አንድ ቅጠል ሞልቶ ለሁለት ሲከፈል ወላጁና ግራው ገጽ ዲስክ ላይ ደረሱ፤ አዲሱ ቀኝ ገጽ ከመድረሱ በፊት መብራቱ ጠፋ። ሁለቱም ወዳልተጻፈ ገጽ እያመለከቱ ቀሩ።

ሞተሩ ያን ገጽ ሲያነብ ግን ምንም ስህተት አይታየውም። በዚህ ኮድ ውስጥ የገጽ ዓይነት ቁጥር ከ0 ይጀምራል፤ 0 ማለት ቅጠል ነው። ብዛት 0 ማለት መዝገብ የለም ማለት ነው። የቀኝ ጎረቤት 0 ማለት የመጨረሻው ቅጠል ነው። ማረጋገጫ ድምሩ የባይቶቹ ተራ ድምር ስለሆነ የዜሮዎች ድምር ዜሮ ነው፤ ይስማማል። ስለዚህ ዝርዝሩ «እዚህ ላይ አለቀ» ብሎ በሰላም ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ በዝምታ ይቀራሉ።

የመርማሪውን የቀደሙ ውጤቶች ገለጥኩ። የዚህ ገጽ ቁጥር መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባለው ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፏል፦ «ባዶ ቦታው ከዜሮ በታች ነው»። በእውነት ባዶ ከሆኑት ገጾች መልእክት ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። መርማሪው ጥፋቱን በማግሥቱ ተናግሯል፤ ከብዙ ተመሳሳይ መልእክቶች መካከል ለይቶ የሚያየው አልነበረም። ከ47 ቁጥር አጠገብ ያለ ጀልባ አዲስ ዓሣ አምጥቶ መዝገቡ በዚያ ገጽ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ደግሞ ገጹ ጤናማ መስሎ መልእክቱም ይጠፋ ነበር፤ ሰንሰለቱ ግን እንደተበጠሰ ይቀራል።

ረቡዕ

ቀላሉ ጥገና አንድ መስመር ነው፦ መስኩ 0 ከሆነ 65536 ብለህ አንብብ። ይህ መንገድ የታወቀና የተከበረ ነው። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ 65536 ባይት ገጽ መቀበል የጀመረው በ2010 በወጣው 3.7.1 ነው፤ በገጹ ራስጌ ላይ የይዘት መጀመሪያ 0 ከሆነ 65536 ተብሎ እንደሚነበብ የፋይል ቅርጹ በግልጽ ይደነግጋል። የገጹን መጠን የሚይዘው የፋይሉ ራስጌ መስክም 2 ባይት ስለሆነ እዚያ 65536 የሚጻፈው 1 ተብሎ ነው። የገጽ መጠን ቢያንስ 512 ስለሆነ 1 ከሌላ ነገር ጋር ሊምታታ አይችልም።

ይህን መስመር ብቻ ጽፌ ብጨርስ ፋይሉ ማደጉን ያቆማል፣ ማኅበሩም ያመሰግነኛል። የመርማሪው ጩኸትም ሙሉ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ያልተጻፈው ገጽ ጭምር ባዶ ቦታው 65520 የሆነ ጤናማ ቅጠል ይሆናልና። ያን ገጽ ሲያጋልጥ የነበረው ብቸኛው ነገር ይህ ስህተት ነበር። ስህተቱን አንሥቼ በቦታው ሌላ ጠባቂ ካላቆምኩ፣ ነገ መብራት ሲጠፋ የአንድ ጀልባ የወራት መዝገብ ሲጠፋ የሚናገር ምንም ነገር አይኖርም። ይህን አላደርገውም።

ኤስኪውላይት 0ን ለ65536 በደህና መስጠት የቻለው የገጽ ዓይነቱ ቁጥር 2፣ 5፣ 10 ወይም 13 ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ቁጥር ሁሉ፣ 0ን ጨምሮ፣ ስህተት ነው። ያልተጻፈ ገጽ በመጀመሪያው ባይት ይያዛል። ፖስትግሬስ የተባለው ሌላ ዳታቤዝ ደግሞ በተቃራኒው ሄዷል። በእርሱ ባለ 24 ባይት ራስጌ ላይ የባዶ ቦታውን የላይኛ ድንበር የሚይዘው መስክ 0 ከሆነ ገጹ ገና አዲስ፣ ያልተዘጋጀ ነው ማለት ነው። የገጹ መጠን ከ32768 ስለማያልፍ ያ መስክ 65536 መያዝ አያስፈልገውም። ሁለቱም ለዜሮ አንድ ትርጉም ብቻ ሰጥተዋል፤ አንዱ «ባዶ»፣ ሌላው «ያልተጻፈ»። የእኛ ሞተር በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ትርጉም ተሸክሟል። የሚጠገነው ይህ ነው፤ የቁጥሩ መትረፍ ከዚህ የመጣ አንድ ምልክት ነው።

ከዓባይ ማዶ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ማታ በስልክ ሌላ ሐሳብ አቀረበ፦ «ለምን አንድ ቀንሰህ አትጽፈውም? 65536 የነበረው 65535 ይሆናል፣ ይገባል። ትንሹ ደግሞ ከ15 አያንስም፤ ዜሮ ሕጋዊ ቁጥር መሆኑ ይቀራል።» ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ከባዶ ብጀምር ምናልባት እርሱን እመርጥ ነበር። የተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። ጥበቃው ይህ መስክ ላላቸው ገጾች ብቻ ይሆናል፤ ፎቶው ከአንድ ገጽ ሲተርፍ የሚቀመጥባቸው ትርፍ ገጾች መስኩን አይጠቀሙበትም። ደግሞም ራስጌን በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ቢያገኘው ይሻላል። የመጀመሪያው ባይት ዜሮ እንዳይሆን ማድረግ ሁሉንም ዓይነት ገጽ ይጠብቃል።

የወሰንኩት፦ የገጽ ዓይነት ቁጥር ከ1 ይጀምራል፤ 0 «ያልተጻፈ» ነው፣ በዛፉ ውስጥ ከተገኘም ንባቡ በስህተት ይቆማል። የይዘት መጀመሪያውን የሚያነብ አንድ ተግባር ብቻ ይኖራል፤ ዓይነቱን መርምሮ ውጤቱን በ32 ቢት ይመልሳል፤ 0ን 65536 የሚለው እዚያ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ከተራ ድምር ወደ ሲአርሲ 32፣ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ጭምር ወደሚያይ ባለ 32 ቢት ማረጋገጫ ይለወጣል፤ የገጹም ቁጥር አብሮ ይሰላበታል፣ ወደ ተሳሳተ ቦታ የተጻፈ ገጽ እንዲያዝ። ውጤቱ ዜሮ ከመጣ 1 ተብሎ ይጻፋል። ይህን የመጨረሻውን የወሰድኩት ከፖስትግሬስ ነው፤ እርሱ ድምሩን ለ65535 አካፍሎ ቀሪው ላይ 1 ይጨምራል፣ ስለዚህ የተሰላ ድምር ዜሮ ሆኖ አያውቅም።

ሐሙስ

ፈተናዎቹን ከጥገናው በፊት ጻፍኩ። አንደኛው በ512፣ 1024፣ 2048፣ 4096፣ 8192፣ 16384፣ 32768 እና 65536 ባይት ገጽ ፋይል ይፈጥራል፣ ይሞላል፣ ሁሉንም ይሰርዛል፣ ገጾቹ ሁሉ ወደ ክፍት ዝርዝሩ መመለሳቸውን ይጠይቃል። በአሮጌው ኮድ ሰባቱ መጠኖች አለፉ፣ የመጨረሻው ወደቀ። በአዲሱ ሁሉም ያልፋሉ።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። ወደ ዲስክ የሚሄደውን እያንዳንዱን ጽሑፍ የሚቆጥር ንብርብር ከሞተሩ በታች አስገባሁ፤ በተባለው ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙን ይገድለዋል፣ ከዚያ ፋይሉ ተከፍቶ ይመረመራል። የቅጠል መከፈልን በዚህ ሳልፈው ሚዛን ቤት ያየሁት ዓይነት ዜሮ ገጽ ወዲያው ተወለደ፤ ወላጁ ተጽፎ ልጁ ሳይጻፍ ሲሞት። አዲሱ ኮድ ገጹን ሲያገኝ የገጹን ቁጥርና የወላጁን ቁጥር ጠርቶ «ያልተጻፈ ገጽ» ብሎ ይቆማል። ቀላሉን የአንድ መስመር ጥገና ብቻ ባለበት ቅጂ ላይ ያንኑ ፈተና አስኬድኩት፤ መርማሪው አንዳች አልተነፈሰም። ያን ውጤት ከኮዱ ጋር አብሬ አስቀምጫለሁ፤ ይህን ሁሉ ለመለወጥ ምን አስገደደህ ለሚለኝ መልሱ እርሱ ነው።

የአጻጻፉንም ቅደም ተከተል አስተካከልኩ፦ አዲሱ ገጽ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ዲስክ ላይ መድረሱ ይረጋገጣል፣ ግራው ገጽና ወላጁ ከዚያ በኋላ ይጻፋሉ። መከፈል ትንሽ ይዘገያል። ዓሣ ተመዝኖ እስኪነሣ ድረስ ያለው ጊዜ ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ማንም አይሰማውም።

ዓርብ

የፋይሉ ቅርጽ ስለተለወጠ የቅርጹን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። አሮጌው ፕሮግራም ግን ፋይል ሲከፍት የሚያየው በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ ያለውን መለያ ስም ብቻ ነው፤ የቅርጽ ቁጥሩን ይጽፈዋል እንጂ አያነበውም። አንድ የተረሳ ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢኖርና አዲሱን ፋይል ቢከፍት፣ 1 የሆነውን ቅጠል እንደ ውስጣዊ ገጽ ያነበዋል። ስለዚህ መለያ ስሙንም ለወጥኩት፤ አሮጌው ፕሮግራም «ይህ የእኔ ፋይል አይደለም» ብሎ ይመልሳል።

ለዋጩ ፕሮግራም አሮጌውን ፋይል እዚያው ላይ አያርምም። በወላጅ ገጾች በኩል እየወረደ ያነባል፣ ወደ አዲስ ፋይል ይጽፋል፣ ሲጨርስ ስሙን ይለውጣል። የጎረቤት ሰንሰለቱን ፈጽሞ አያምንም፤ አዲሱን ሰንሰለት ራሱ ይሠራል። በአሮጌው ፋይል ውስጥ ከሥር ገጹ በስተቀር ሁሉም ባይቱ ዜሮ የሆነ ገጽ ከወላጅ ከተጠቀሰ «የጠፋ» ብሎ ከነቁልፎቹ ወሰን ይዘረዝራል። የሥር ገጹ ብቻ ይለያል፤ አንድም መዝገብ ያልገባበት ሠንጠረዥ ሥር በአሮጌው ቅርጽ በሕጋዊ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ ሊሆን ይችላልና፣ ከባይቶቹ ብቻ መለየት አይቻልም።

ቅዳሜ፣ ሚዛን ቤት

ዲስኩ ለሁለት ፋይል ስለማይበቃ አዲሱን በውጭ ዲስክ ላይ ሠራሁት። ለዋጩ አንድ የጠፋ ገጽ ብቻ ዘረዘረ፤ ያው የማውቀውን። የቁልፎቹ ወሰን ከ47 ቁጥር ጀልባ በኋላ ያለችውን የአንዲት ጀልባ መዝገቦች ያሳያል፤ ጀልባዋ ከዚያ ማታ ወዲህ ወደ ሐይቁ ስላልወጣች ገጹ ሳይነካ ቆይቷል።

መዝገብ ያዥዋ ወረቀቱን ገልጠው ክብደቶቹን አንድ በአንድ አነበቡልኝ፣ እኔ አስገባሁ። ዝርዝሩን እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። እስከ መጨረሻው ጀልባ ወጣ። ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያስኬዱ ሁለቱን መዝገቦች አስተያዩ፤ አልቸኮሉም፣ እኔም አላቻኮልኳቸውም። «አሁን ይስማማል» አሉ። ወረቀቱን መጻፍ እንዳያቆሙ ለመንኳቸው።

ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም። ከወሩ መጨረሻ በፊት ስለጠፉ በውጭ ዲስኩም ላይ የሉም። በየመዝገቡ «ፎቶ ጠፍቷል» የሚል ምልክት አደረግሁ፤ ፎቶ አልተነሣም ከሚለው የተለየ ምልክት ነው። ነጭ ዓሣዎቹን በዝርያ ለሚለየው ሰው የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የነበረና የጠፋ ዓሣ እንዳልነበረ እንዳይቆጠር።

የተለወጠው ፋይል ከአሮጌው እጅግ ያነሰ ነው። የዛሬ ሌሊቱ መርማሪ ምንም ካልጻፈ በእውነት ምንም የለም ማለት ነው፤ «ያልተጻፈ ገጽ» የሚል ቃል ካወጣ ደግሞ መልእክቱ በቀጥታ ወደ ስልኬ ይመጣል።

ቀሪ ሥራ፦ የቅጠሎቹን የአጻጻፍ ቅደም ተከተል ሳስተካክል የትርፍ ገጾቹን ሰንሰለት አልነካሁም። አንድ ፎቶ ከአንድ ገጽ ሲበልጥ የመጀመሪያው ክፍል ከቀጣዩ በፊት ይጻፋል። ያንኑ የመግደል ፈተና ሰኞ በእነርሱ ላይ አስኬዳለሁ።